«ቀውስ» ወይስ «ግርሻ»? ስለ ሁለት የነርስነት ቃላት አተረጓጐም

የሺካጎው ሐኪም ጄምስ ሄሪክ በ1910 እ.ኤ.አ. ማጭድ የሚመስሉ ቀይ የደም ሕዋሳትን በጽሑፍ ካስታወቀ ወዲህ፣ በሽታው በዚሁ የእርሻ መሣሪያ ስም ይጠራል። እኛም «የማጭድ መሰል ሕዋስ በሽታ» እንለዋለን።

የሚያስቸግረው፣ ሕዋሳቱ ጠባብ የደም ሥር ዘግተው ብርቱ ሥቃይ የሚያስነሡበት ጊዜ ስያሜ ነው። «ቀውስ» ብሎ መተርጐም ይቀላል፤ ነገር ግን «ቀወሰ» አእምሮውን ሳተ ማለትም ስለ ሆነ፣ አንባቢዋ ነርስ የታማሚውን ጩኸት ከሕመም ይልቅ ከጠባይ እንዳትቈጥረው ያሠጋል። «አጣዳፊ ግርሻ» ብንል ግን ተመላላሽነቱንም አስቸኳይነቱንም ይገልጻል።

ሁለተኛው ቃል «ቅድሚያ» ነው፤ ከመድረሻ ተራ ሊለይ ይገባል። በቦረና፣ በዱብሉቅ ጥልቅ ኤላዎች ከብት የሚጠጣው ቀድሞ በመድረስ ሳይሆን አባ ሄሬጋ በሚያስከብረው ድልድል ነው። በሕክምና ደግሞ ድልድሉን የሚወስነው የአደጋው ክብደት ነው። አስቀድሞ አተነፋፈስ፣ የደረት ውጋት፣ ትኩሳትና የአንድ ወገን አካል መዛል ይመረመራል፤ ኦክስጅን ላነሰው ኦክስጅን ይሰጣል። ማስታገሻው ታማሚው በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊሰጥ፣ ፈሳሹም ተመጥኖ ሊገባ ይገባል።

እንግዲህ ተርጓሚው እነዚህን ተግባራት «ከዚያም፣ ከዚያም» እያለ ቢያያይዛቸው፣ ነርሷ አንዱን እስክትጨርስ ሌላውን ታቆያለች፤ ሥቃዩም ይረዝማል። ስለዚህ ማስታገሻው ከምርመራው «ጐን ለጐን» እንደሚሰጥ በግልጽ ይጻፍ እንላለን።