በዳታ የሚሠራ ሥዕል ዋጋው ከየት ይመጣል?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 2018 ኒውዮርክ በሚገኘው የክሪስቲስ ጨረታ ቤት አንድ የወንድ ምስል ለሽያጭ ቀረበ። ጨረታ ቤቱ ከ7 ሺህ እስከ 10 ሺህ ዶላር ያወጣል ብሎ ገምቶት ነበር። መዶሻው ካረፈ በኋላ ግን ገዢው ኮሚሽኑን ጨምሮ የከፈለው ገንዘብ 432 ሺህ 500 ዶላር ሆነ። «ኤድሞንድ ደ ቤላሚ» የተሰኘው ይህ ሥዕል ኮምፒዩተር ያመነጨውና በማተሚያ መሣሪያ ሸራ ላይ የታተመ ነው። የሠዓሊ ፊርማ በሚያርፍበት ጥግ ላይም የሰው ስም ሳይሆን የሒሳብ ቀመር ሰፍሮበታል።

በወቅቱ አብዛኛው ሰው የተነጋገረው ኮምፒዩተር ሠዓሊ መሆን ይችላል ወይስ አይችልም በሚለው ላይ ነበር። ገበያውን ለሚከታተል ሰው ግን ዋናዎቹ ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው። ለመሆኑ የዚህ ዓይነት ሥዕል ጥሬ ዕቃ ምንድን ነው? አቅራቢውስ ማን ነው? ከትርፉስ ለማን ምን ይደርሳል?

ጥሬ ዕቃው

አንድ ሥዕል በዲጂታል ካሜራ ሲነሳ ፒክስል ወደሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነጥቦች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ነጥብ ቀለሙን የሚገልጹ ቁጥሮች ይሰጡታል። ኮምፒዩተር የሚያየው ፊት ወይም ልብስ አይደለም፤ እነዚህን ቁጥሮች ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሥዕሎች በዚህ መልክ ሲሰበሰቡ አንዱን ከሌላው ማነፃፀር፣ የሚደጋገመውን መለየትና አዲስ ነገር ማውጣት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ምስሉ ብቻውን አይበቃም። ማን ሣለው? መቼ? በምን ቀለም? ስፋቱ ስንት ነው? የሚያሳየው ማንን ነው? ይህን የሚመልስ መዝገብ ከምስሉ ጋር ካልተያያዘ ክምችቱ ብዙም አይረዳም። የቡና ነጋዴ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። መነሻው ያልታወቀ፣ ደረጃ ያልወጣለት ቡና በመጋዘን ሞልቶ ቢገኝ እንኳ እንደ ተለየው ቡና ዋጋ አያወጣም። የሥዕል ዳታም እንደዚያው ነው።

«ኤድሞንድ ደ ቤላሚ»ን ያቀረቡት «ኦብቪየስ» በሚል ስም የተሰባሰቡ ሦስት ፈረንሳውያን ወጣቶች ናቸው። ከ14ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን የተሣሉ 15 ሺህ ያህል የሰው ምስሎችን ለኮምፒዩተር አቀረቡለት። ፕሮግራሙ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ክፍል አዲስ ምስል ይሠራል። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ እንደ ፈታኝ ሆኖ የቀረበለት ምስል ሰው የሣለው ይሁን ወይም የኮምፒዩተር ሥራ ለመለየት ይሞክራል። ሠሪው ፈታኙን እስኪያታልል ድረስ ሥራው ይደጋገማል። ወጣቶቹ ከተጠቀሙበት ኮድ ውስጥ ከፊሉን የጻፈው ሮቢ ባራት የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ሲሆን፣ ኮዱን ቀደም ብሎ ለማንም በነፃ አውጥቶት ነበር። እንግዲህ ምስሎቹ የቀደምት ሠዓሊዎች፣ ኮዱ በነፃ የተገኘ ነው፤ ጨረታ ላይ የቀረበው ስም ግን የኦብቪየስ ነው።

አንድ ሠዓሊ፣ ሁለት ሥራ

ዳታ ለፈጠራም ለምርምርም እንዴት እንደሚውል ለመረዳት ከኔዘርላንድስ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ሁለቱም ሥራ የተሠራው በአንድ ሠዓሊ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1669 በሞተው በሬምብራንት ላይ ነውና።

የመጀመሪያው «ቀጣዩ ሬምብራንት» የተባለው ፕሮጀክት ነው። አይ ኤን ጂ የተባለው ባንክ ወጪውን ችሎ፣ ማይክሮሶፍት፣ የዴልፍት ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲና የሞሪትስሃውስ ሙዚየም ተሳትፈውበት እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2016 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ታየ። ባለሙያዎቹ 346 የሬምብራንት ሥዕሎችን መረመሩ። የተሣሉትን ሰዎች በፆታ፣ በዕድሜ፣ በአለባበስና ፊታቸውን ባዞሩበት አቅጣጫ ለዩዋቸው። ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ የተገኘው ዕድሜው ከ30 እስከ 40 የሚሆን፣ ጢም ያለው፣ ጥቁር ልብስ ለብሶ ነጭ አንገትጌ ያደረገና ባርኔጣ የደፋ ነጭ ወንድ ሆነ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው «እንዲሣል» ተወሰነ።

ኮምፒዩተሩ የዓይን፣ የአፍንጫና የአፍ አሣሣሉን አጥንቶ፣ በመካከላቸው ያለውንም ርቀት ለክቶ ፊቱን ገጣጠመ። የሬምብራንት ቀለም ሸራው ላይ አንዳንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ሳስቶ ስለሚገኝ የቀለሙ ከፍታና ዝቅታም ተለካ። በመጨረሻ ልዩ ማተሚያ 13 ጊዜ ቀለም በቀለም ላይ እየደረበ አተመው። ሥራው 18 ወር ወሰደ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሬምብራንት ራሱ ይህን ሰው አለማየቱ ነው። ሥዕሉ አማካይ ነው። ሬምብራንት በሕይወት ቢኖር ኖሮ ምናልባት ማንም ያልጠበቀውን ይሥል ነበር፤ ታላቅ ያሰኘውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሥራ በአምስተርዳሙ የሬይክስ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 የተጀመረው «የሌሊት ዘብ»ን የመመርመር ዘመቻ ነው። ሬምብራንት እ.ኤ.አ. በ1642 የጨረሰው ይህ ግዙፍ ሥዕል በ1715 ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ሲዛወር ለግድግዳው ስፋት አልመጥን ብሎ አራቱም ጎኑ ተቆርጧል። ከግራው ብቻ የተቀነሰው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቁራጮቹ እስከ ዛሬ አልተገኙም።

ሆኖም ሥዕሉ ከመቆረጡ በፊት ጌሪት ሉንደንስ የተባለ ሠዓሊ በትንሽ መጠን ገልብጦት ነበር። ተመራማሪዎቹ በሁለቱም ሥዕሎች ላይ የሚታየውን ክፍል ለኮምፒዩተር እያነፃፀሩ በማሳየት የሉንደንስን አሣሣል ወደ ሬምብራንት አሣሣል እንዲለውጥ አስተማሩት። ከዚያም የጎደሉትን ጎኖች አመነጨ። እ.ኤ.አ. በጁን 2021 እነዚህ ጎኖች ታትመው ዋናውን ሥዕል ሳይነኩ በዙሪያው ተሰቀሉ፤ ከወራት በኋላም ተነሱ። ተመልካቹ የቱ የሬምብራንት፣ የቱ የኮምፒዩተር እንደሆነ ተነግሮት ነው ያየው።

በ2022 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሙዚየሙ 8 ሺህ 439 ፎቶግራፎችን በማገጣጠም 717 ቢሊዮን ፒክስል ያለው የሥዕሉን ምስል በኢንተርኔት ለቀቀ። አንዱ ፒክስል የሚሸፍነው የሚሊ ሜትር አምስት ሺህኛ ብቻ ነው። ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ምስሉን እያጎላ በቀለሙ ውስጥ ያለችውን ስንጥቅ ማየት ይችላል። በሥዕሉ ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች በጨረር በመለየት በተሠራ ካርታ አማካይነትም ሬምብራንት ከቀለሙ ሥር ያሰፈረው የመጀመሪያ ንድፍ ተገኝቷል። የዳታ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ባለ ሙያው ሸራውን ከመንካቱ በፊት የቱን እንደሚጠግን፣ የቱን መተው እንዳለበት ያውቃል።

ገንዘቡ የሚገኝበት መንገድ

በዚህ ሥራ ገንዘብ የሚገኘው በዋናነት በሦስት መንገድ ነው።

አንደኛው እንደ ማንኛውም ሥዕል ለገዢ መሸጥ ነው። የ2018ቱ ዋጋ ብዙዎችን አጓጉቷል። ነገር ግን አንድ ጨረታ ገበያ አይሆንም። ክሪስቲስ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪና በማርች 2025 በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለተሠሩ ሥራዎች ብቻ ጨረታ አዘጋጅቶ ነበር። ከቀረቡት 34 ሥራዎች 28ቱ ተሸጡ፤ ጠቅላላ ገቢውም 728 ሺህ 784 ዶላር ሆነ። ከዚህ ውስጥ 277 ሺህ 200 ዶላሩ የአንድ ሠዓሊ፣ የትውልደ ቱርካዊው የረፊክ አናዶል ሥራ ነው። የቀሩት 27ቱ ሥራዎች ተደምረው ከ«ኤድሞንድ ደ ቤላሚ» ዋጋ ብዙም አልበለጡም። ስም ያለው ይሸጣል፤ ሌላው ገና መንገድ ላይ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የመግቢያ ትኬት ነው። እዚህ ላይ ተመልካቹ የሥራው አካል የሚሆንበት ቴክኖሎጂ ይገባል። ቲምላብ የተባለው የጃፓን ቡድን በጁን 2018 ቶኪዮ ውስጥ በከፈተው ሙዚየም ግድግዳውና ወለሉ በብርሃን ምስል ተሸፍኖ ሰው ሲነካው ወይም ሲያልፍበት ይለወጣል። በመጀመሪያው ዓመት 2.3 ሚሊዮን ያህል ሰው ጎብኝቶታል። ሙዚየሙ በ2022 ተዘግቶ በ2024 በዚያው ከተማ በሌላ ቦታ ተከፍቷል። እዚህ ዕቃ አይሸጥም፤ የሚሸጠው ቆይታ ነው።

የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምም ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ የአናዶልን «አንሱፐርቫይዝድ» የተሰኘ ሥራ በመግቢያ አዳራሹ አሳይቷል። ኮምፒዩተሩ የተማረው ከሙዚየሙ የራሱ ክምችት በተወሰዱ 138 ሺህ 151 የመረጃ መዝገቦች ላይ ነው። በአዳራሹ ያለው እንቅስቃሴና ድምፅ፣ ከደጅ ያለውም የአየር ጠባይ ምስሉን ይለዋውጡታል። ሙዚየሙ በ2023 ሥራውን ለክምችቱ አድርጎታል። የራሱ መዝገብ አዲስ ሥራ ሆኖ ተመለሰለት ማለት ነው።

ሦስተኛው መንገድ ስም መገንቢያ ነው። «ቀጣዩ ሬምብራንት» የተሠራው ባንኩን ለማስተዋወቅ ነው። ባንኩ የፈለገው በመላው ዓለም መነገርን ነበር፤ ያንንም አግኝቷል።

መብቱ የማን ነው?

ሬምብራንት ከሞተ ከ350 ዓመታት በላይ ስለሆነው በሥዕሎቹ መጠቀም ከልካይ የለውም። ችግሩ የሚመጣው በሕይወት ያሉ ሠዓሊዎች ሥራ ያለ ፈቃድ ለኮምፒዩተር ማስተማሪያ ሲውል ነው። በ2025ቱ የክሪስቲስ ጨረታ ዋዜማ ከ6 ሺህ በላይ ሰዎች ጨረታው እንዲሰረዝ በፊርማቸው ጠይቀዋል። ጨረታው ግን ተካሂዷል።

በሌላ በኩል ገዢውም ሊጠነቀቅ ይገባል። በዋሽንግተን የሚገኝ የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በማርች 2025 በሰጠው ውሳኔ፣ ሰው ሳይሳተፍበት በማሽን ብቻ የተሠራ ሥራ የቅጂ መብት ምዝገባ እንደማይገባው አረጋግጧል። ስለዚህ ሠዓሊው ዳታውን ከየት እንዳመጣና በሥራው ውስጥ የእርሱ እጅ የቱ ላይ እንዳለ በጽሑፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኮምፒዩተሩ ሲያረጅ ሥራውን ወደ አዲስ መሣሪያ የሚያዛውረው ማን እንደሆነም አብሮ መስማማት ይሻላል።

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሠዓሊ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ጥበቃ ይሰጣል። እንግዲህ የአንድን ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ሥራ ለዚህ ተግባር የሚፈልግ ሁሉ ሠዓሊውን ወይም ወራሾቹን አነጋግሮ ቢጀምር ከኋላ ክርክር ይድናል።

ወደ እኛ ስንመጣ

ኢትዮጵያ ለዚህ ገበያ እንግዳ አይደለችም። ጥሬ ዕቃ አላት። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ፕሮጀክት ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ፎቶግራፍ ተነስተዋል። አንደኛው ቅጂ በአሜሪካ ሚኔሶታ፣ በሂል የብራና መጻሕፍት ቤተ መዘክር ይገኛል። ፊልሙ ብቻውን የትም አያደርስም ነበር። ዋጋ የሰጠው እንደ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያሉ ምሁራን ለዓመታት ተቀምጠው፣ መጻሕፍቱን አንብበው፣ ይዘታቸውንና ዘመናቸውን የመዘገቡበት ካታሎግ ነው።

ዛሬ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተአምረ ማርያምን ታሪኮች በኮምፒዩተር እየመዘገቡ ነው። የትኛው ታሪክ በየትኛው ብራና እንደሚገኝ፣ የትኛውስ ሥዕል የትኛውን ታሪክ እንደሚያሳይ አንድ በአንድ ይለያሉ። ይህ ሊሠራ የቻለው ብራናዎቹ ቀድመው ፎቶግራፍ ስለተነሱና ስለተመዘገቡ ነው።

ከላይ ያየናቸው ሥራዎች ሁሉ የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው። ማሽኑ በየዓመቱ ይረክሳል፤ ኮዱም ብዙ ጊዜ በነፃ ይገኛል። እየተወደደ የሚሄደው በሥርዓት የተመዘገበ ክምችት ነው። ክምችቱን የያዘ ውሉንም ይጽፋል። የሬይክስ ሙዚየምና የኒውዮርኩ ሙዚየም የተጠቀሙት ሥዕሉም መዝገቡም በእጃቸው ስለነበረ ነው። የኛ ግን ሥዕሉ እዚህ፣ መዝገቡ በአብዛኛው ባሕር ማዶ ነው።

ስለዚህ ጋለሪ ያለው፣ የሥዕል ስብስብ ያለው ወይም ራሱ ሠዓሊ የሆነ ሰው ዛሬውኑ ሊጀምረው የሚችለው ሥራ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሥዕሉን በቂ ብርሃን ባለበት ቦታ ከፊት ለፊት፣ ከአጠገቡ መለኪያ አስቀምጦ ማንሳት፤ የሠዓሊውን ስም፣ ዓመቱን፣ መጠኑን፣ የተሣለበትን ቁስና ከማን እጅ ወደ ማን እንደተላለፈ መመዝገብ፤ መዝገቡንም ከአንድ ቦታ በላይ ማስቀመጥ ነው። ሌላ ድርጅት መጥቶ ላንሳላችሁ ሲል ደግሞ ፎቶው ለምን እንደሚውል፣ ቅጂው እዚህም እንደሚቀርና ገቢ ቢገኝ ድርሻው ስንት እንደሆነ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት በውል ማስፈር ያስፈልጋል። ከተነሳ በኋላ የሚደረግ ድርድር ዕቃውን አስረክቦ ዋጋ እንደ መጠየቅ ነው።