የዱኻን አለትና የባሕር ውሃ ስሌት

ከዶሃ ወደ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ዱኻን የኳታር የመጀመሪያው የነዳጅ መስክ ነው። ሥራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተቋርጦ ቆይቶ ድፍድፍ ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1949 ነበር። ድፍድፉ ያለው በኖራ ድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው፤ ድንጋዩ ደግሞ የያዘውን በቀላሉ አይለቅም።

ምክንያቱ የድንጋዩ ገጽ ነው። ዋናው ማዕድኑ ካልሳይት ካልሲየም የበዛበት ጨዋማ ውሃ ሲነካው ገጹ አብዛኛውን ጊዜ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል። በድፍድፉ ውስጥ ያሉት አሲዶች ኔጋቲቭ ስለሆኑ ገጹ ላይ ይጣበቃሉ፤ ዘይቱንም አብረው ያስቀራሉ።

ታዲያ ምን ያላቅቀዋል? ዘይቱን ለመግፋት ውሃ ወደ አለቱ መጨመር የቆየ ዘዴ ነው። ወሳኙ ግን የውሃው ብዛት ብቻ አይደለም፤ በውስጡ የሟሟው ጨው ዓይነትም ነው። ሰልፌት ገጹ ላይ ሲያርፍ ፖዘቲቭ ቻርጁ ይዳከማል፤ ካልሲየም ይጠጋና ከአሲዱ ጋር ተጣምሮ ያስለቅቀዋል። ሙቀቱ ከፍ ሲል ማግኒዢየም የካልሲየምን ቦታ ይወስዳል፤ ታክሲ ላይ አንዱ ሲወርድ ሌላው ወንበሩን እንደሚይዘው ማለት ነው። በሰሜን ባሕር የሚገኘው የኖርዌይ የነዳጅ መስክ ኤኮፊስክ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በሰፊው የባሕር ውሃ እየተጨመረበት ጥሩ ውጤት ሰጥቷል።

የባሕረ ሰላጤው ውሃ ግን ይለያል። የውቅያኖስ ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ሲይዝ የኳታሩ ከ40 ይበልጣል። ስለዚህ ለኤኮፊስክ የሠራው እንዳለ አይገለበጥም፤ እንደገና መሰላት አለበት። የቴርሞዳይናሚክስ ሞዴል ሥራ ይህ ነው። እያንዳንዱ ልውውጥ ከሙቀት ጋር የሚለዋወጥ የሚዛን ቁጥር አለው። ገጹ ላይ ያረፈ አዮን (ቻርጅ ያለው ቅንጣት) ሁሉ ደግሞ ቻርጁን ስለሚቀይር ለቀጣዩ ማረፉን ያቀልለታል ወይም ያከብድበታል። ኮምፒውተሩ ሁሉንም አንድ ላይ ፈትቶ የትኛው ውሃ ዘይቱን እንደሚያስለቅቅ ይተነብያል። ትንበያው የሚታመነው ግን ቁጥሮቹ በላቦራቶሪ፣ በአለቱ ሙቀትና ጨው ልክ ሲለኩ ነው።

ይኸው ዕውቀት ለስምጥ ሸለቆ ሕዝባችንም ይጠቅማል። እዚያ ብዙ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም በላይ ፍሎራይድ አለባቸው። የተቃጠለ የእንስሳት አጥንት ፍሎራይዱን የሚያስቀረው ከማዕድኑ አዮኖች ጋር እያለዋወጠ ነው። አጥንቱ ስንት ሊትር አጣርቶ እንደሚደክም አስቀድሞ ማስላት የልጆችን ጥርስና አጥንት ከጉዳት ይጠብቃል። ለነዳጅ የተራቀቀው ስሌት ለመጠጥ ውሃም በዚያው ጥንቃቄ ሊሠራበት ይገባል።