ጣቢያው ሲዘገይ ሕንፃው ባዶ ቀረ

ለሕንፃ ባለሀብት መሬትና ገንዘብ ብቻ አይበቃም፤ ተከራዩ የሚመጣበት መንገድም ያስፈልጋል። የለንደኑ ካነሪ ዎርፍ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

ስፍራው እ.ኤ.አ. በ1802 የተከፈተ ወደብ ሲሆን፣ በ1980 ተዘጋ። ኦሊምፒያ ኤንድ ዮርክ የተባለው የካናዳ ኩባንያ በቦታው ግዙፍ የቢሮ ሕንፃዎችን ሲያቆም፣ የጁቢሊ መስመር ወደ ሰፈሩ እንዲዘረጋ 400 ሚሊዮን ፓውንድ ለማዋጣት ቃል ገባ። ሆኖም የቢሮ ገበያው ቀዘቀዘ፤ አዲሱ መስመርም ስላልደረሰ ተከራይ ጠፋ። በ1992 ኩባንያው በዕዳ ወደቀ። የመዋጮው ጉዳይ እልባት እስኪያገኝ ድረስም የመስመሩ ሥራ እስከ 1993 መጨረሻ ተጓተተ።

ጣቢያው በኖርማን ፎስተር ንድፍ፣ የቀድሞው ወደብ አንድ ክፍል ውሃው ተመጦ በ24 ሜትር ጥልቀት የተገነባ ነው። ርዝመቱ ከ260 ሜትር ይበልጣል። ጣሪያው መናፈሻ ሆኗል። መንገደኛው ከመስተዋት ጉልላት ሥር በተንቀሳቃሽ ደረጃ ወደ ቲኬት አዳራሹ ይወርዳል፤ ባቡሩ የሚቆመው ከዚያ በታች ነው።

ጣቢያው መስከረም 1999 ሲከፈት የሰፈሩ ባለቤት ተለውጦ ነበር፤ ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ የሆኑት ፖል ራይክማን በ1995 ከሌሎች ባለሀብቶች ጋር ሆነው ገዝተውታል። በ2002 የኤችኤስቢሲ ባንክ ሕንፃ ተጠናቀቀ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የባቡር ተስፋ የባንክ ወለድ አይከፍልም።