የድንጋይ ዕድሜ እንዴት ይታወቃል? ከጉና ተራራ እስከ ዓባይ በረሃ

ዛሬ በብዙ ቤት የሚነሳ አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል።

ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «ይህ ድንጋይ 30 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል» ይላል። አያት ደግሞ «ማን አይቶት? ማንስ ቆጥሮት?» ብለው ይመልሳሉ። ልጁ መልስ ሲያጣ ወይ ትምህርቱን ይጠራጠራል፣ ወይ አያቱን ይንቃል። ሁለቱም ጉዳት ነው። የአያት ጥያቄ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የሥነ ምድር ባለሙያዎችም የሚነሱት ከዚሁ ጥያቄ ነው። መልሱን ከደቡብ ጎንደር ምሳሌ እየጠቀስን ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

ከደብረ ታቦር ደቡብ ምሥራቅ የጉና ተራራ አለ። ከጉና የሚነሳው የጉማራ ወንዝ በወንዛዬ ፍል ውሃ በኩል አልፎ ጣና ሐይቅ ይገባል። በዚህ ሁሉ አገር ካብ የምንክብበት፣ ለቤት መሠረት የምንጥለው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል። ባዛልት ከምድር ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ በላይ የፈሰሰ፣ በኋላም የረጋ ድንጋይ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ቁጥር ሳይሆን ቅደም ተከተል ማወቅ ነው። የእህል ክምር ስንከምር ቀድሞ የተቀመጠው ነዶ ከታች፣ የመጨረሻው ከላይ ይሆናል። የድንጋይ ንብርብርም እንደዚሁ ነው፤ ምድር ካልገለበጠችው በስተቀር የታችኛው ይቀድማል። ይህን ለማየት ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው በዓባይ በረሃ፣ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል በአውቶቡስ መስኮት መመልከት ይበቃዋል። ከታች አሸዋማ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ጂፕሰም፣ ከዚያም የኖራ ድንጋይ፣ እንደገና አሸዋማ ድንጋይ፣ ከሁሉም በላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ። በኖራ ድንጋዩ ውስጥ የባሕር እንስሳት ቅሪት ይገኛል። ይህ ደጋ ከመሆኑ በፊት ባሕር ነበረ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው አስተያየት ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። ኢብኑ ሲና በ«ኪታብ አሽ-ሺፋ»፣ አል-ቢሩኒም በጽሑፎቹ፣ ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ በየብስ ላይ የሚገኙ የባሕር እንስሳት ቅሪቶች ቦታው በጥንት ዘመን ባሕር እንደነበረ እንደሚያሳዩ አስረድተዋል። ስንት ዓመት እንደሆነ የሚለኩበት መሣሪያ ግን አልነበራቸውም።

መሣሪያው የተገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በባዛልት ውስጥ ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ከፖታሲየም አንዱ ዓይነት በጣም በዝግታ ይፈርሳል፤ ከሚፈርሰው ከፊሉም አርጎን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ድንጋዩ ቀልጦ በሚፈላበት ጊዜ ጋዙ ክዳን እንደሌለው ድስት እንፋሎት ይወጣል። ድንጋዩ ሲረጋ ግን ድስቱ ተከደነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የሚፈጠረው አርጎን በውስጡ ይጠራቀማል። ስለዚህ ምን ያህል ፖታሲየም እንደቀረና ምን ያህል አርጎን እንደተጠራቀመ ሲለካ ድንጋዩ ከረጋ ስንት ዓመት እንደሆነው ይታወቃል።

«ግማሹ ፖታሲየም ለመፍረስ 1 ቢሊዮን 250 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል ይባላል፤ ማን ጠብቆ አየው?» የሚል ይኖራል። መጠበቅ አያስፈልግም። በአንድ ግራም ፖታሲየም ውስጥ በየሰከንዱ 30 ያህል አተሞች ይፈርሳሉ፤ ይህን መሣሪያ ይቆጥረዋል። ከጋን ውስጥ በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሚወርድ የቆጠረ ሰው፣ ጋኑ መቼ እንደሚጋመስ ቁጭ ብሎ ሳይጠብቅ ማስላት ይችላል።

በዚህ ዘዴ ከሊማሊሞና ከወገል ጤና የተወሰዱ ባዛልቶች ተለክተው ውጤቱ በ1997 እ.ኤ.አ. ታተመ። የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ባዛልት አብዛኛው ክፍል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ መፍሰሱ ታወቀ። ጉና ግን በዚያ ባዛልት ላይ በኋላ የተነሳ እሳተ ገሞራ ነው፤ ዕድሜው ወደ 11 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ቁጥሩና የክምሩ ቅደም ተከተል እንደተስማሙ ልብ በሉ፤ ከላይ ያለው ታናሽ ሆኖ ተገኘ። ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች አንድ ቃል ሲሰጡ ምስክርነቱ ይጠነክራል።

ብዙ ሰው የድንጋይ ዕድሜ በካርቦን የሚለካ ይመስለዋል። አይደለም። ካርቦን የሚያገለግለው ሕይወት ለነበረው ነገር፣ ለእንጨት፣ ለአጥንት፣ ለከሰል ነው፤ የሚደርሰውም እስከ 50 ሺህ ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ከጣና ሐይቅ ወለል ተቆፍሮ የወጣ ጭቃ በካርቦን ተለክቶ፣ ከ17 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ ደርቆ እንደነበረ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል።

ታዲያ የካርቦን ልክ የማይደርስበት የጥንት አጥንት ዕድሜው እንዴት ይታወቃል? ብዙ ጊዜ የሚለካው አጥንቱ ራሱ ሳይሆን ከበላዩና ከበታቹ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ከረመዳን በኋላ፣ ከዐረፋ በፊት የተወለደ ልጅ ቀኑ ባይመዘገብም በየትኞቹ ወራት መካከል እንደተወለደ እናውቃለን። ከጎንደር ምዕራብ፣ በጭልጋ፣ የጥንት የዝሆን ዘመዶችና አርሲኖይቴሪየም የሚባል ባለ ቀንድ ግዙፍ እንስሳ አጥንት ተገኝቷል። ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. እንደገለጹት፣ በዚያ ባለው አመድ መሠረት ዕድሜያቸው 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

ቁጥሩ አንዳንዴ ይለወጣል። በ1967 እ.ኤ.አ. በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የሰው አጥንት በ2005 እ.ኤ.አ. 195 ሺህ ዓመት ተብሎ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ግን ከአጥንቱ በላይ ያለው አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ የወጣ መሆኑ ተለይቶ ሲለካ 230 ሺህ ዓመት ገደማ ሆነ፤ አጥንቱም ከዚያ አያንስም ተባለ። ይህ ግምት መሆኑን አያሳይም። ሚዛኑ ሲሻሻል ልኩ ተስተካከለ እንጂ ሺሁ ሚሊዮን አልሆነም። ታማኝ ነጋዴም የተሻለ ሚዛን ሲያገኝ እንደገና ይመዝናል።

የምድር ጠቅላላ ዕድሜ 4 ቢሊዮን 540 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ክሌር ፓተርሰን የሚባል ሳይንቲስት በ1956 እ.ኤ.አ. ከሰማይ በወደቁ ድንጋዮች ውስጥ ያለውን እርሳስ ለክቶ ለዚህ በጣም የቀረበ ቁጥር አግኝቷል። ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ የሒጅራ ዓመት ውስጥ ብናስገባው፣ 354 ቀን ባለው ዓመት፣ አንዱ ቀን ወደ 13 ሚሊዮን ዓመት ይሆናል። ምድር ሙሐረም 1 ቀን ተገኘች እንበል። ፓሊዮዞይክ የሚባለው፣ በባሕር ውስጥ ልዩ ልዩ እንስሳት የበዙበት ዘመን፣ ዙልቀዕዳ 17 ገደማ ይጀምራል። የዓባይ በረሃው የኖራ ድንጋይ የተከማቸበት ሜሶዞይክ የሚጀምረው ዙልሒጃ 10፣ በዒደል አድሓ ቀን ነው። ዳይኖሰሮች ጠፍተው ሴኖዞይክ የሚገባው ዙልሒጃ 24 ነው። የደጋችን ባዛልት በ27 ፈሰሰ። ጉና በመጨረሻው ቀን ተነሳ። የኦሞ ኪቢሹ ሰው የኖረው ዓመቱ ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቀረው ነው።

ውድ አድማጮች፣ ቁርኣን ሰማያትና ምድር በስድስት ቀናት እንደተፈጠሩ፣ በአላህ ዘንድ ያለ ቀንም እኛ እንደምንቆጥረው እንዳልሆነ ያስተምረናል፤ የምድርን ዕድሜ ግን በዓመት ቆጥሮ አልነገረንም። ፍጥረትን ተመልከቱ፣ አስተውሉም ብሎናል። ስለዚህ ልጅ ይህን ትምህርት ይዞ ሲመጣ «ዝም በል» አንበለው። «እንዴት ተለካ? በምን ተረጋገጠ?» ብለን እንጠይቀው። ያውቅ እንደሆነ ያስረዳናል፤ የማያውቅ ከሆነም ለአስተማሪው የሚያቀርበው ጥያቄ ሰጠነው። ልጁም አያቱን ሲመልስ በትዕግሥትና በአክብሮት ይሁን።