ከመደበኛው ክፍል ባሻገር የተከፈተ በር

እንደሚታወቀው በሂሳብ ዓለም ከፍተኛ ክብር ከሚሰጣቸው ሽልማቶች አንዱ የፊልድስ ሜዳሊያ ነው። ሽልማቱ ከተጀመረበት ከ1936 አንስቶ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እስከ 2014 ድረስ አንዲትም ሴት አላገኘችውም ነበር። የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ኢራናዊቷ ማርያም ሚርዛካኒ ናት። ይሁን እንጂ ይህች ሊቅ በልጅነቷ አንድ ዓመት በሂሳብ ደካማ ውጤት በማምጣቷና መምህሯም የተለየ ተሰጥኦ ስላላዩባት፣ ለትምህርቱ የነበራት ፍቅር ቀዝቅዞ ነበር። ታዲያ ወደ ሂሳብ ምን መለሳት?

በቀጣዩ ዓመት የሚያበረታታ መምህር አገኘች። ቴህራን በሚገኘው የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለችም ከጓደኛዋ ከሮያ በሄሽቲ ጋር ስድስት የውድድር ጥያቄዎች እጃቸው ገቡ፤ በብዙ ቀን ድካም ሦስቱን ፈቱ። ወዲያውኑ ወደ ርዕሰ መምህርቷ ሄደው፣ ለወንዶቹ ትምህርት ቤት የሚሰጠው የጥያቄ መፍቻ ክፍለ ጊዜ ለእነርሱም እንዲሰጥ ጠየቁ። ኢራን እስከዚያ ጊዜ ድረስ ለዓለም አቀፉ የሂሳብ ኦሊምፒያድ ሴት ተወዳዳሪ ልካ አታውቅም ነበር፤ ርዕሰ መምህርቷ ግን ጥያቄውን ተቀበሉ። ሚርዛካኒም በ1994 የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች፤ በ1995 ደግሞ ከ42 ነጥብ 42ቱንም በማምጣት ድሉን ደገመችው።

በ1994 ክረምት በሻሪፍ ዩኒቨርሲቲ በተዘጋጀ ዓውደ ጥናት ላይ ፕሮፌሰር ማህሙዲያን የሚከተለውን ጥያቄ አቀረቡ። ነጥቦችን በሦስት ቡድን ከፍለን፣ እያንዳንዱን ነጥብ በሌሎቹ ሁለት ቡድኖች ካሉት ሁሉ ጋር በመስመር እናገናኝ። መስመሮቹን አንድም ሳይተርፍና ሳይደገም፣ አምስት አምስት መስመር ባላቸው ዝግ ቀለበቶች መከፋፈል የሚቻለው መቼ ነው? በየቡድኑ 2 ነጥብ ቢኖር መስመሮቹ 12 ይሆናሉ፤ 12 ለ5 ያለ ቀሪ ስለማይካፈል አይቻልም። በየቡድኑ 5 ቢሆን መስመሮቹ 75 ናቸው፤ ስለሆነም ቀለበቶቹ 15 መሆን ይኖርባቸዋል። ነገር ግን ቁጥሩ መካፈሉ ብቻ ቀለበቶቹ መኖራቸውን አያረጋግጥም። ውድ አንባቢያን፣ እርሳስ አንሥታችሁ ሞክሩት!

ፕሮፌሰሩ ለእያንዳንዱ አዲስ ምሳሌ አንድ ዶላር ሊከፍሉ ቃል ገቡ። ሚርዛካኒ ግን ማለቂያ የሌላቸው ምሳሌዎች ይዛ ቀረበች! ውጤቱም በ1995 በሁለቱ ስም ታተመ።

ሚርዛካኒ በ2017 በ40 ዓመቷ አረፈች። ታሪኳ የሚያስተምረን፣ ተሰጥኦ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። ያ በር የተከፈተው ውድ በሆነ ቤተ ሙከራ ሳይሆን በአንድ ክፍል፣ በጥቂት ጥያቄዎችና በአንዲት ቅን ርዕሰ መምህርት ነው። ሆኖም በሩ ከመከፈቱ በፊት ሁለት ልጃገረዶች ማንኳኳት ነበረባቸው። በእናንተስ ትምህርት ቤት የሚያንኳኳ ማን ነው?