ተንጋሎ አቀበት ይወጣል?

መንዝና መርሐቤቴ ውስጥ «መኪናዬን አቁሜ በብስክሌት ሥራ ልግባ» ለማለት መጀመሪያ መኪና ያስፈልጋል። መሃል ሜዳም ሆነ ዓለም ከተማ፣ መምህሩና የቢሮ ሠራተኛው ጠዋት ጠዋት ወይ በእግሩ ነው ወይ በባጃጅ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ የኤሌክትሪክ መሙያ በሌለበት የደጋ ከተማ አዲስ መኪና መግዛት ይበልጥ ርቋል። ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ቢቀርብ ይሻላል፦ በመንደሩ ብየዳ ቤት የተሠራ፣ ተንጋለው የሚነዱት ብስክሌት የባጃጁን ቦታ ሊተካ ይችላል?

ነገሩን ላላየ ሰው፦ ወንበሩ መደገፊያ አለው፤ ፔዳሉ ከእግር በታች ሳይሆን ከፊት ነው፤ ነጂው ወደ ኋላ ጋደል ብሎ እግሩን ወደፊት እየገፋ ይነዳል። በከተሞቻችን ልጆች በኩሽኔታ ሠርተው ቁልቁለት ለቁልቁለት የሚንሸራተቱባት የእንጨት ጋሪ የሩቅ ዘመዱ ናት። ጥቅሙ የታወቀው ቀደም ብሎ ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ሞሼ በሠራው እንዲህ ባለ ብስክሌት ፍራንሲስ ፎር እ.ኤ.አ. በ1933 በ1 ሰዓት ውስጥ 45 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ከ1914 ጀምሮ ያልተደፈረውን ክብረ ወሰን ሰበረ። የዓለም ብስክሌት ማኅበር ግን በዓመቱ ይህን ዓይነቱን ብስክሌት ከውድድር አስወጣው። ፎርን ያስቀደመው የተለየ ጉልበት አልነበረም፤ ዝቅ ብሎ በመቀመጡ ነፋሱ የሚመታው አካሉ አንሶ ነው።

የመንዝ አምባ ላይ ነፋስ ቀላል ጉዳይ አይደለም። 3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ የሚገፋውም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ ሜዳው ዛፍ የለሽ ነውና ነፋሱን የሚያቆመው የለም። በግምት ላስላው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ነፋስ በሌለበት ቀን ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ አየሩን ለመሰንጠቅ 45 ዋት ያህል ያወጣል፤ ተንጋሎ ሲነዳ ወደ 27 ይወርዳል። ልዩነቱ ለሙግትም አይበቃ። በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ቀጥ ብሎ የተቀመጠው 180 ዋት ያስፈልገዋል፣ የተንጋለለው 110 ገደማ። ጤነኛ ሰው ለረጅም ሰዓት የሚዘልቀው 100 ዋት አካባቢ ስለሆነ፣ አንደኛው ወርዶ ሲገፋ ሌላው እያለከለከም ቢሆን ይነዳል።

አቀበት ላይ ሲደርስ ሒሳቡ ይገለበጣል። መርሐቤቴ ለመግባት በለሚ በኩል ወደ ዠማ ሸለቆ ተወርዶ፣ ወንዙ ተሻግሮ እንደገና ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል። መውጫውን 1 ሺህ ሜትር ብንለው፣ ነጂው ከነብስክሌቱ 90 ኪሎ ከሆነ፣ በ100 ዋት ጉልበት ክብደቱን ብቻ ለማንሣት 2 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ጎማውና ጠጠሩ የሚበሉት ሳይቆጠር። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚነሣ ቢሆን ፍጥነቱ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ገበያ የሚሄድ እግረኛ በዚያው ልክ ይራመዳል። ተንጋሎ የሚነዳ ሰው ደግሞ ፔዳሉ ላይ ቆሞ በክብደቱ መርገጥ አይችልም፤ በዚህ ፍጥነት ባለ ሁለት ጎማው ይንገዳገዳል። ሦስት ጎማ ይህን ያስተካክላል፣ ክብደት ግን ይጨምራል። ለዠማ አቀበት ያለ ኤሌክትሪክ ሞተር አልመክረውም።

ብስክሌቱን መሥራት ግን ከሚመስለው ይቀላል። የበርና የመስኮት ፍሬም የሚበይድ ባለሙያ አካሉን ከብረት ቱቦ ያወጣዋል። ጎማ፣ ማርሽና ፔዳል ከሁለት አሮጌ ብስክሌቶች ይገኛል። ፔዳሉ ከኋላው ጎማ ስለሚርቅ ሁለት ተኩል ያህል ካቴና መቀጣጠል አለበት፤ ወንበሩ ሥር የሚያሳልፈውን መዘውር ኩሽኔታ ይሠራዋል። ወንበሩን በጠፍር ማሰር ነው፤ አልጋ የሚጠፍር እጅ እያለ ስፖንጅ የሚገዛ ሰው አይገባኝም፤ ጠፍሩ ጀርባን ያናፍሳል። በርኖስ የደረበ ግን ጫፉን ከሥሩ ይጠቅልል፤ ወንበሩ ዝቅ ያለ ነውና ሱፉ ጎማው ውስጥ ይገባል። አይሱዙ የሚነዳው ሾፌር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ እንዲያየው፣ ረጅም ዘንግ ላይ ደማቅ ጨርቅ መስቀል ግድ ነው።

እንግዲህ ለማን ይሆናል? አምባው ላይ ኖሮ አምባው ላይ ለሚሠራ፣ መንገዱ 5 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ለሆነ ሰው ይሆናል። ከሰሜን ሸዋ ከተሞች ደብረ ብርሃን ትመቸዋለች፦ መሬቷ ሰፊ ሜዳ ነው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲውና ወደ ፋብሪካዎቹ የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነው፣ ነፋሷም አይጠፋም። በገደል ተከቦ ለሚኖረው የመርሐቤቴና የግሼ ሰው ግን በቅሎው ትበልጠዋለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ1 ሺህ ሜትር ቁልቁለት ሲወረድ፣ ሲወጣ ክብደቱን ለማንሣት የፈሰሰው ጉልበት አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ የላስቲክ ፍሬን ይህን ሙቀት አይችለውም። ለመሥራት ያሰባችሁ ሁሉ ከወንበሩ በፊት ደህና የዲስክ ፍሬን ግዙ።