የወንፈል ሒሳብ

«ዛሬ አልችልም፤ ወንፈል አለብኝ» የሚል ገበሬ ዕዳውን በብር ሳይሆን በቀን ይቆጥራል። በደባርቅና በዳባት ደጋ ገብስ ሲታጨድ፣ ሊማሊሞን ወርደው በሚደርሱበት በአዲ አርቃይ ቆላ ማሽላ ሲታረም አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይወጣውም፤ ጎረቤት ይጠራል። ደቦ ከሆነ ጠሪው እንጀራና ጠላውን አሰናድቶ ይጠብቃል፤ ቀን የሚቆጥር የለም። ወንፈል ግን ተቆጥሮ ይመለሳል፤ አጨዳ በአጨዳ፣ አረም በአረም። የታመመ ሰው በምትኩ ልጁን ወይም ወንድሙን ይልካል።

ድካምን በድካም መለወጥን የምጣኔ ሀብት ሊቁ አዳም ስሚዝም አንሥቶታል። በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የዕቃን ዋጋ ሲያስረዳ አዳኞችን ጠቀሰ፤ ቢቨር የተባለውን የውሃ አውሬ መግደል ሚዳቋ ከመግደል እጥፍ ድካም ከጠየቀ፣ አንዱ ቢቨር በሁለት ሚዳቋ ይለወጣል። ስሚዝ ይህ ሕግ መሬት ባለቤት ከማግኘቱና ሀብት በግለሰብ እጅ ከመከማቸቱ በፊት ለነበረ ዘመን ነው አለ። ወንፈል ግን ዛሬም ማሳ ላይ ይሠራል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ጎረምሳው ሁለት ትልም አጭዶ ሽማግሌው አንዱን ሳይጨርስ ሲመሽ የሁለቱም ቀን እኩል አንድ ቀን መባሉ ነው። ልዩነቱን ሳያዩት ቀርተው አይደለም፤ ለጉርብትናቸው ሲሉ ይተዉታል።

ሒሳቡ የሚከብደው በሬ ሲገባበት ነው። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች መቀናጆ ይገባሉ። በሬ የሌለው በጉልበቱ ይከፍላል፤ ግን የበሬ አንድ ቀን የሰው ስንት ቀን ነው? በድርድር ይቆረጣል። ሌላው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዴቪድ ሪካርዶም በ1817 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የታገለው ከዚሁ ጥያቄ ጋር ነበር። መሣሪያ ቀድሞ የፈሰሰ ድካም ነው ቢልም፣ ለረጅም ዘመን የሚያገለግል መሣሪያ ስሌቱን እንደሚያዛባው አመነ። በሬውን ከጥጃነቱ ጀምሮ በዝናብ የጠበቀው ልጅ ድካም በቀንበሩ ሥር አብሮ ይጠመዳል፤ ግን ማን ቆጥሮት!

በእኛ አገር ይህን ጉዳይ በአማርኛ የመረመሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሀብት ምንጭ ሥራ መሆኑን አስረድተው፣ ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሕዝብ በጥቂት ጊዜ ብዙ ስለሚሠራ፣ ከሌለው ጋር ሲለዋወጥ ጥቂት ድካም ሰጥቶ ብዙ ድካም እንደሚወስድ አሳዩ።

ቆርቆሮ ሊገዛ ገብስ ጭኖ ደባርቅ ገበያ የወጣ ሰው ይህን ልውውጥ በእጁ ይፈጽማል። ከፋብሪካ በደቂቃ ለወጣ ብረት እርሻውን፣ አረሙንና አጨዳውን በአንድ ጆንያ ያስረክባል፤ ቀኑን በወንፈል የሚመልስለት የለም።